ችፌ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ምልክቱስ በቆዳ ላይ በምን ይታወቃል?

በየትምህርት ቤቱ ጧት ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ መምህራን በተሰለፉት ልጆች መካከል እየተዘዋወሩ ጥፍራቸውን፣ አንገታቸውንና ልብሳቸውን መመልከታቸው የቆየ መልካም ልማድ ነው። በዚሁ ጊዜ አንገቱ ጠቁሮና ሻክሮ፣ የክርኑም እጥፋት ቆስሎ የሚገኝ ልጅ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል፤ ወይም «አልታጠብህም» ተብሎ በጓደኞቹ ፊት ይወቀሳል፣ ወይም «እከክ ይዞሃል፣ ለሌሎቹ እንዳታስተላልፍ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ ግን ያልታጠበ ሳይሆን ከሚገባው በላይ በሳሙና የታሸ፣ ሕመሙም ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሕመም ስም ችፌ ነው።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ችፌን ከሚመስሉት ከሌሎች የቆዳ በሽታዎች ለይቶ ለማወቅ የሚረዳውን ነገር ለመምህራንና ለወላጆች ልንገልጽ አስበናል። አሳባችን አንባቢውን ሁሉ ሐኪም ለማድረግ አይደለም። ሐኪም ልጁን የሚያየው አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን መምህሩና እናቱ ግን በየቀኑ ያዩታል፤ ስለዚህ የእነርሱ ዐይን ምን መፈለግ እንዳለበት ቢያውቅ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው።

ችፌ የምንለው በውጭ አገር ቋንቋ ኤክዜማ እየተባለ የሚጠራው ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው «ፈልቶ የወጣ» እንደ ማለት ነው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሚዳው ሐኪም አኤቲዮስ በጽሑፉ ጠቅሶታል። በሽታው ሲበረታ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች በቆዳው ላይ ብቅ ብቅ ሲሉ በርግጥም ድስት ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ ይመስላሉ። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ችፌ ብዙ ዓይነት አለው። በልጆች ላይ ከሁሉ የሚበዛው በዘር የመውረድ ጠባይ ያለው ዓይነት ነው፤ በእርሱ በተያዘው ልጅ ቤተ ሰብ ውስጥ አስም ያለበት፣ ወይም አቧራና የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሌላው ዓይነት ቆዳው ከማይስማማው ነገር ጋር ሲነካካ የሚመጣው ነው፤ ስለ እርሱ ኋላ ጥቂት እንናገራለን።

የጤነኛ ሰው ቆዳ በደንብ የተመረገ የጭቃ ቤትን ይመስላል። ምርጊቱ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ነፋስ አይገባም፣ በውስጥ ያለውም ሙቀት አይወጣም። ምርጊቱ ሲሰነጣጠቅ ግን ብርዱም አቧራውም ይገባል። የችፌ ሕመምተኛ ቆዳም እንዲሁ ነው። በቆዳው ሕዋሳት መካከል ያለው ስብ ስለሚጐድል የሰውነት ውሃ በስንጥቁ እየተነነ ቆዳው ይደርቃል፤ ከውጭም ሳሙናው፣ አቧራውና ተሐዋስያኑ እየገቡ ያስቈጡታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የሚባለው፣ ቆዳን የሚያጠነክረው ፕሮቲን በዘር ምክንያት ሲጐድል ለችፌ እንደሚያጋልጥ አስታወቁ፤ በአውሮፓም ይህ ጉድለት በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተገኘ። በ2011 ግን በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሞ ሲወጣ፣ እነዚያ በአውሮፓ የታወቁት የዘር ጉድለቶች በእነርሱ ላይ እንዳልተገኙ ገለጸ። ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ መነሻው ከአገር አገር ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ምልክቱን በማወቅ ረገድም ነገሩ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። እኛ በውጭ አገር የሕክምና ትምህርት በምንከታተልበት ጊዜ የምናነባቸው መጻሕፍት ስለ ችፌ ሲጽፉ የሚጀምሩት «ቀይ ሽፍታ» በማለት ነበር፤ ሥዕሎቹም የነጭ ሕፃናት ጉንጭና ክንድ ነበሩ። ይህንኑ ቅላት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የሚፈልግ ሰው በሽታው ፊት ለፊቱ ሳለ ሊያልፈው ይችላል። በተቈጣው ሥፍራ ደም መብዛቱ በማንኛውም ሰው ላይ አንድ ነው፤ ነገር ግን በጠይም ቆዳ ሥር ሲታይ ቀይነቱ ይሸሸግና ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወደ ወይን ጠጅ መልክ የሚያደላ ወይም ዐመድማ ይመስላል። ስለዚህ በዐይን ብቻ ማየት አይበቃም፤ መዳሰስም ያስፈልጋል። የእጅን ጀርባ በሥፍራው ላይ ቢያሳርፉ የተቈጣው ቆዳ ከአጠገቡ ካለው ይልቅ ይሞቃል፣ ጥቂት ያብጣል፣ ሲነካም ይሻክራል። ምርመራው በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ወይም በደጅ መሆን አለበት፤ በመብራት ሥር ዐመድማው መልክ በቀላሉ አይለይም።

ሌላም ልዩነት አለ። በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ከመታየት ይልቅ በየጠጕሩ ሥር ጥቃቅን ጕብታዎች ሆኖ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ቆዳው ላባው የተነጨ ዶሮ ይመስላል። ወላጆችም «ሙቀት ነው» ብለው ይተዉታል። ልጁ ለብዙ ወራት ያከከው ሥፍራ ደግሞ እየወፈረ፣ እየጠቆረና መሥመሮቹ እየጐሉ ይሄዳሉ፤ ሲያዩት የአሮጌ ዛፍ ቅርፊትን ይመስላል። ይህ የመወፈር ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ የሚታይና ጐልቶ የሚወጣ ስለ ሆነ ከመልኩ ይልቅ እርሱን መፈለግ ይሻላል። ሕመሙ ከተወ በኋላም በሥፍራው ላይ ጠቆር ያለ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለብዙ ወራት ይቆያል። ምልክቱ ጠባሳ አይደለም፤ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ማሳከኩ ከቆመ በሽታው ተኝቷል፣ መልኩም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ይህን ባለማወቅ ሥፍራውን ለማንጣት ብዙ ገንዘብ ከስክሰው ቆዳቸውን የሚጐዱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

ያለ ማሳከክ ግን ችፌ የለም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ አገር የተሰበሰቡ ሐኪሞች ችፌን ለማወቅ የሚያገለግል መመዘኛ ሲያወጡ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቆዳው ያሳክክ እንደ ሆነ መጠየቅን ነው። ማሳከክ ካለ በኋላ አምስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ሕመሙ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጀምሮት እንደ ሆነ፣ ቀድሞ የክርን ወይም የጉልበት እጥፋት ታሞ እንደ ሆነ፣ የሰውነቱ ቆዳ በጠቅላላው ደረቅ እንደ ሆነ፣ አስም ወይም የአፍንጫ ማሳከክ እንዳለበት፣ በመጨረሻም አሁን በእጥፋቱ ላይ የሚታይ ቁስል እንዳለ። ከነዚህ ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ሕመሙ ችፌ ነው ይባላል። ደም መውሰድም ሆነ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በአመዛኙ የሚጠየቁት እናቶች የሚያውቁት ነገር ነው።

የሚወጣበት ሥፍራ እንደ ዕድሜው ይለያያል። በሕፃንነት ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ በጉንጭ፣ በግንባርና በራስ ቆዳ ላይ ይጀምራል፤ ውሃ ያዝላል፣ ይጋገራል፣ ሕፃኑም ፊቱን በትራስና በእናቱ ደረት ላይ ያሻሻል። የሽንት ጨርቅ የሚታሰርበት ሥፍራ ግን ርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ ከችፌ ይድናል፤ በዚያ በኩል ብቻ የሚወጣ ሽፍታ ሌላ ምክንያት አለው። ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምርና ወደ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሕመሙ ወደ ክርን እጥፋት፣ ወደ ቋንጃ፣ ወደ እጅ አንጓ፣ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ አንገት ይዛወራል። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ እጅን፣ የዐይን ሽፋንንና አንገትን ይወዳል። ከዐይን በታች ተጨማሪ እጥፋት መታየቱ፣ የዐይን ዙሪያ መጥቆሩ፣ የጥፍሩም ጫፍ ከማከክ ብዛት እንደ ተወለወለ መስተዋት ማብረቁ የሚያግዙ ምልክቶች ናቸው። ስለ አንገት በተለይ እንናገር፤ ችፌ ለብዙ ጊዜ የቆየበት ልጅ አንገት መረብ በመሰለ መልክ ይጠቁራል፣ ሲያዩትም ዕድፍ የተከማቸበት ይመስላል። በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ በታሸ ቁጥር የበለጠ ይጠቁራል እንጂ አይነጻም። ስለ ንጽሕና በሚጻፍበት በዚህ ጽሑፍ «እጥበት ቀንሱ» ማለታችን አንባቢን ሳያስደንቅ አይቀርም፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ። «ዘወትር በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋል፤ ስንፍና መስሎኝ ሁለት ጊዜ አቁሜዋለሁ። ትናንት ግን እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱን አየሁና ደነገጥኩ» አሉን። የልጁ ክርን እጥፋት ወፍሮ ጠቁሯል፤ በላዩም የጥፍር ጭረት ይታያል። እናቲቱን ስንጠይቃቸው ሕመሙ የጀመረው ልጁ ገና የአራት ወር ሕፃን ሳለ በጉንጩ ላይ መሆኑን፣ ጐረቤት «ምች ነው» ስላላቸው ዳማከሴ አሽተውለት እንደ ነበረ ነገሩን። ቤት ውስጥ ከእርሱ በቀር የሚያሳክከው የለም፤ አያቱ አስም ነበረባቸው። «ቈሻሻ እንዳይባልብኝ ጧትና ማታ በልብስ ሳሙና አጥበዋለሁ» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የልብስ ሳሙናው እንዲቀር፣ ቆዳው በቅባት እንዲለሰልስ አደረግን፤ ለወፈረው ሥፍራም የሚቀባ መድኃኒት ለተወሰነ ቀን አዘዝን። በሦስተኛው ሳምንት መምህርቷ ልጁ ማንቀላፋቱን መተዉን ነገሩን። ሌሊት ሲያክክ የሚያድር ልጅ ቀን እንዴት ሊነቃ ይችላል?

ልጆችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በጉንጫቸው ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ ክብ ምልክት ነው። ብዙ ወላጆች ሲያዩት ለምጽ ወይም ሥጋ ደዌ ነው ብለው እንቅልፍ ያጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀላል የችፌ ዓይነት ነው፤ ዳር ድንበሩ ግልጽ አይደለም፣ በላዩ ስስ ቅርፊት አለበት፣ በደረቅና በፀሐያማ ወራት ይጐላል፣ ለስላሳ ቅባት እየተቀባ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ለምጽ እንደ ወተት የነጣ፣ ድንበሩም በቢላዋ የተቈረጠ ያህል የተለየ ሲሆን ቅርፊት የለውም። የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ አያሳክክም፤ እንዲያውም ስሜት የለውም። ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ ሳለ በጥጥ ጫፍ ቢነካና መነካቱን ሳያውቅ ቢቀር በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ቢሆንም የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ ሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር የመድኃኒት አወሳሰድ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ለልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችም ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሆኗል።

ከችፌ ጋር ከሁሉ የሚምታታው እከክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ድርቅ በደረሰ ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎችም ሥፍራዎች እከክ በብዛት ተዛምቶ አይቨርሜክቲን የሚባል መድኃኒት በዘመቻ መታደሉን ብዙ መምህራን ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ የሚያሳክከው ልጅ ሁሉ እከክ እንደ ያዘው መቈጠሩ አይገርምም። ሁለቱም ሌሊት ይብሳሉ። የሚለያቸው ግን ይህ ነው፤ እከክ የሚመጣው ከዐይን በምታንስ ነፍሳት ስለ ሆነ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚተኙትን ያዳርሳል፣ ችፌ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል። እከክ በጣቶች መካከል፣ በወገብ ዙሪያ፣ በመቀመጫና በኀፍረተ ሥጋ ላይ ይወጣል፤ የጀመረበትም ጊዜ የሚታወስ፣ የሳምንታት ወይም የወራት ጉዳይ ነው። ችፌ ከሕፃንነት ጀምሮ እየመጣ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክክ አለ?» የሚለው ይሁን። መልሱ «አዎን» ከሆነ የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው።

ጭርት ደግሞ ክብ ሆኖ ዳሩ ከፍ ያለ፣ መካከሉ የጠራ፣ በራስ ላይ ሲወጣም ጠጕርን የሚነቅል ነው። እርሱ ይተላለፋል። ጭርትን በችፌ መድኃኒት መቀባት አደገኛ ነው፤ ማሳከኩ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና ክቡ መልኩን ለውጦ በሰውነት ላይ ይሰፋል። እዚህ ላይ በየሱቁና በየመዋቢያ መደብሩ ስለሚሸጡት ቅባቶች አንድ ቃል መናገር ግድ ይሆንብናል። ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል የተባሉት ብርቱ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ በተወሰነ ሥፍራና ለተወሰነ ቀን ሲቀቡ ለችፌ እጅግ ይጠቅማሉ፤ እነርሱን ፈርቶ ልጁን ሲያክክ ማኖርም ጥፋት ነው። ነገር ግን ፊትን ለማቅላት በየቀኑ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮቹን ያሳያሉ፣ ብጉር ያወጣሉ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት መቀባትም ቆዳን ያቃጥላል።

ከአዋቂዎች መካከል እጃቸው ዘወትር የሚሰነጣጠቅና የሚያሳክክ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ በረኪና የሚነኩ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ሰዎች ከላይ የጠቀስነው የንክኪ ችፌ እንዳይሆንባቸው ይጠርጠሩ። በጆሮ ጕትቻ ሥር፣ በሰዓት ማሰሪያ ወይም በቀበቶ ዘለበት ልክ ብቻ የሚወጣ ቁስል ኒኬል ከሚባለው ብረት የመጣ ነው። ጠጕርን ለማጥቆር የሚቀባው ቀለምም እንዲሁ ግንባርንና ጆሮን ያስቈጣል። የዚህ ዓይነት ችፌ የሚታወቀው በቅርጹ ነው፤ ቁስሉ የነካውን ዕቃ መልክ ይዞ ይገኛል።

ችፌ በራሱ ሰውን የሚገድል አይደለም፤ ቁስሉ ላይ ሌላ በሽታ ሲጨመርበት ግን አሳሳቢ ይሆናል። እንደ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከታየ፣ መግል ከያዘ፣ ልጁም ካተኰሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከሁሉ የከፋው አንድ ልክ የሆኑ፣ በወስፌ የተበሱ የሚመስሉ፣ የሚያሙ ጥቃቅን ቁስሎች በድንገት ሲወጡ ነው። ይህ በከንፈር ላይ ወጥቶ ሰዉ «ምች» የሚለው ቫይረስ በችፌው ቆዳ ላይ ሲሰራጭ የሚመጣ ስለ ሆነ በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ከንፈሩ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን መሳም የለበትም።

አያያዙ አስቸጋሪ አይደለም። ለብ ባለ ውሃ ከአሥር ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ለሚያስፈልገው ሥፍራ ብቻ መጠቀም፣ ከዚያም ቆዳው ገና ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት ነው። ቫዝሊኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በበጋው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀባ። ጥፍር ይቈረጥ። ባናና ሌላም የሱፍ ልብስ በቀጥታ ገላን አይንካ፤ የጥጥ ጋቢ ወይም ነጠላ በመካከል ቢሆን ይበቃል። መምህሩም ችፌ ያለበትን ልጅ ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ባያስቀምጠው መልካም ነው፤ ላብና ሙቀት ማሳከኩን ያነሣሡታልና። ብዙዎቹ ልጆች ወደ ጕርምስና ሲደርሱ ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን እስከ ዐዋቂነት ይዘልቃል።

በመጨረሻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁንን እንመልስ። ችፌ ያለበት ልጅ ክትባት ይወጋ ወይ? ይህ ጥያቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ከመታወጁ በፊት ይሰጥ የነበረው የፈንጣጣ ክትባት በችፌ ሕመምተኞች ሰውነት ላይ እየተሰራጨ ብርቱ ሕመም ያመጣ ስለ ነበረ ለእነርሱ እንዳይሰጥ ይከለከል ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሰዎችም ወሬውን ለልጅ ልጆቻቸው አውርሰዋል። ዛሬ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት ለልጆች የሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ግን በችፌ ምክንያት የሚቀሩ አይደሉም። ልጁ መርፌውን በዚያው ቀን ይወጋ፤ ክንዱ የቆሰለ ከሆነ መርፌው ደኅና ቆዳ ባለበት ሥፍራ ይሰጠዋል።